ስለ ወለል ማሽንና ስለ አየር ክብደት

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በጽዳት ሥራ በሚተዳደሩ ሰዎችና በሕንጻ አስተዳዳሪዎች ዘንድ አንድ ወሬ ሥር እየሰደደ መጥቷል። ወሬው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚገቡት የወለል ማጠቢያ ማሽኖች በተሠሩበት አገር ኃይላቸው ሆን ተብሎ ተቀንሶ፣ ለእኛ ተብለው ለብቻ የሚላኩ ደካሞች ናቸው የሚል ነው። ለዚህም ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው፣ በመግለጫው ወረቀት ላይ የተጻፈው የመምጠጥ ኃይል እዚህ ሲለካ ከአንድ አራተኛ የማያንስ ጎድሎ መገኘቱ ነው። ጉድለቱ እውነት ነው፤ ከጉድለቱ ተነሥቶ የተሰጠው ፍርድ ግን ሐሰት ነው። ፊዚክስ ለብዙ ዓመት አስተምሬ፣ ከዚያ ወዲህ እነዚህን ማሽኖች በመጠገን የምኖር ሰው ስለ ሆንሁ፣ በዚህ ወሬ ምክንያት ክፍያው የተያዘበትን ሠራተኛ፣ ውሉ የፈረሰበትን ማኅበር፣ ደኅናውን ማሽን አውጥቶ የጣለውን ባለንብረት በዓይኔ አይቻለሁና ዝም ማለት አልተቻለኝም።

ባለፈው ሚያዝያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ አንድ የንግድ ሕንጻ ተጠርቼ ሄድሁ። የምድር ቤቱ ወለል በእብነ በረድ የተነጠፈ ነበር፤ ማሽኑ ባለፈበት ሁሉ ሁለት ቀጫጭን የውሃ መሥመሮች እንደ ጋሪ ዱካ ተከትለውት ይታያሉ። አስተዳዳሪው የመግለጫውን ወረቀት አጥፎ በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እስኪ ይዩት» አለኝ፤ «ወረቀቱ ውሃን 2 ሜትር ከ20 ወደ ላይ ያወጣል ይላል። ባለፈው የመጣው ቴክኒሻን ለክቶ 1 ሜትር ከ10 ነው አለን። ይህ ማታለል ካልሆነ ምን ይባላል?»

የማሽኑ ነጂ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት፣ መወልወያዋን ተደግፋ፣ «ጋሼ፣ ትናንትም እንዲሁ ነበር፤ ከኋላው እየተከተልሁ በመወልወያ ነው የማደርቀው» አለች። ድምፅዋ የሚናገረው ጥፋቱ በእርስዋ ላይ እንዳይደፋ መፍራትዋን ነበር።

ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ በዝርዝር መተረክ አያሻም፤ ከሆዱ ሥር ያለው ብሩሽ ይፈትጋል፣ ከኋላ ያለው ጎማ ውሃውን ይሰበስባል፣ ቱቦው የተሰበሰበውን ወደ ቆሻሻ ውሃው ጋን ያገባል፤ ይኸው ነው። ስለ ሳሙናውም ነገር፣ አሲድ ያለበት ማጽጃ የእብነ በረድን ፊት እንደሚበላ ካሳሰብሁ በኋላ ሌላውን እተወዋለሁ። ልናገርበት የፈለግሁት ውሃው በቱቦው ውስጥ ስለምን ወደ ላይ ይወጣል የሚለውን ነው፤ የወሬው ሁሉ መነሻ ይህን አለማወቅ ነውና።

«መምጠጥ» እና «መሳብ» የሚሉት ቃላት ራሳቸው ሰውን ያሳስታሉ። አየር እጅ የለው፣ ገመድ የለው፣ ምንም ነገር ሊጎትት አይችልም፤ ሊገፋ ብቻ ይችላል። የአንጥረኛውን ወናፍ ተመልከቱ፤ ቆዳው ወደ ላይ ሲነሣ ሆዱ ይሰፋል፣ በውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፣ ያን ጊዜ በውጭ ያለው አየር በአፉ ገፍቶ ይገባል። ዋግምትንም አስቡ፤ ዋግምተኛው ቀንዱን በተበጣው ገላ ላይ ደፍቶ በጫፉ ቀዳዳ አየሩን በአፉ መጥጦ በሰም ሲደፍነው፣ ደሙ ወደ ቀንዱ ሲወጣ የሚያይ ሰው ሁሉ ቀንዱ ሳበው ይላል፤ ደሙን ወደ ሳሳው ስፍራ የሚልከው ግን በቀረው ገላ ላይ ሁሉ የተጫነው አየር ነው። በመቃ ጠላ የሚጠጣ ሰውም ጠላውን አይጎትትም፤ በአፉ ውስጥ ያለውን አየር አሳስቶ፣ በገንቦው ላይ የተጫነው አየር ጠላውን ወደ እርሱ እንዲያወጣለት መንገድ ይከፍታል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሁበርት ሴሲል ቡዝ በ1901 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በፈረስ እየተጎተተ ከቤት ውጭ የሚቆመውን፣ ቱቦው በመስኮት የሚገባውን ትልቁን ማሽን ከመሥራቱ በፊት፣ መሐረብ በወንበር ላይ አንጥፎ በአፉ መጥጦ አቧራው በመሐረቡ ላይ ሲቀር በማየት ሐሳቡን እንደ ፈተነ ይነገራል። ከእርሱ በፊት አቧራን በንፋስ እፍ እያለ የሚያባርር መሣሪያ ነበረ፤ አቧራው ግን ተነሥቶ ተመልሶ እዚያው ያርፍ ነበር። በተከታዩ ዓመት ማሽኑ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ሥርዓተ ንግሥ የዌስትሚንስተርን ደብር ምንጣፍ አጸዳ።

ሊቃውንቶቻችን አራቱን ባሕርያት ሲቆጥሩ ነፋስን ከመሬት፣ ከውሃና ከእሳት ጋር አንድ ላይ ያኖሩታል። ሰው ግን መሬትና ውሃ ክብደት እንዳላቸው በጫንቃው ያውቃል፣ የነፋስን ክብደት ይረሳል። (መጻሕፍቱ «የአየር ግፊት» የሚሉትን እኔ «ጫና» ማለትን እመርጣለሁ፤ ግፊት እንቅስቃሴ ያለበት ይመስላል፣ ጫና ግን እንደ ሸክም ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነው። «ከባሕር ወለል በላይ» የሚለውም አነጋገር ስለ ወለል በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ያደናግራልና «ጠለል» እላለሁ።) ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ አንድ አፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ በሜርኩሪ ሞልቶ በሌላ የሜርኩሪ ሳህን ላይ ቢደፋው፣ ሜርኩሪው ሙሉ በሙሉ ሳይፈስ ወደ 760 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ያቆመውም በሳህኑ ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። ፈረንሳዊው ፓስካል ደግሞ፣ አየር ክብደት ካለው ወደ ላይ በወጣን መጠን ከበላያችን የሚቀረው አየር ማነስ አለበት ብሎ፣ የእኅቱ ባል ፔሪዬ ቱቦውን ይዞ ወደ ፒዩይ ደ ዶም ተራራ እንዲወጣ አደረገ። መስከረም 19 ቀን 1648 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፔሪዬ ወጣ፤ ሜርኩሪውም በተራራው ራስ ላይ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ያ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,465 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ፔሪዬ ደክሞ ከወጣበት ራስ በላይ እኛ ገበያ እንወጣለን፣ ልጅ እናሳድጋለን፣ ወለል እናጥባለን። ቶሪቼሊ ቱቦውን እዚህ ቢያቆመው ሜርኩሪው ወደ 570 ሚሊ ሜትር ገደማ በቆመ ነበር፤ ይህም ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ነው። ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ ፋንታ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውና ባቄላችን ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው።

የማሽኑ ሞተር የሚያደርገው ደግሞ ይህን ነው። በውስጡ ያለው ማራገቢያ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተሽከረከረ፣ ከጋኑ ውስጥ ያገኘውን አየር ወደ ውጭ ይወረውራል፤ ጋኑ ሲሳሳ የውጭው አየር ውሃውን በፊቱ እየነዳ በቱቦው ይገባል። በወንጭፍ የሚወረወር ድንጋይና በዚያው ወንጭፍ፣ በዚያው ፍጥነት የሚወረወር ጓል አንድ ዓይነት ምት የላቸውም፤ ማራገቢያውም የሚወረውረው አየር ሲቀል ምቱ ይቀላል። የአዲስ አበባ አየር በባሕር ጠለል ካለው አየር በአንድ አራተኛ የቀለለ ነውና፣ በባሕር ጠለል ላይ ውሃን 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚያወጣ ሞተር እዚህ 1 ሜትር ከ65 ያህል ያወጣል። ያው ማሽን ድሬዳዋ ቢወርድ 1 ሜትር ከ90፣ ጅቡቲ ቢወርድ በወረቀቱ የተጻፈውን ያወጣል፤ ደብረ ብርሃን ቢወጣ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይሆናል። ማንም ከውስጡ የቀነሰበት ነገር የለም።

እዚህ ላይ የሙያ ወንድሞቼ የሚከራከሩኝ ነገር ስላለ በጥንቃቄ መናገር ይገባኛል። የአንድ አራተኛው ሒሳብ የሚጸናው ሞተሩ በእኩል ፍጥነት ሲዞር ነው፤ ካርቦን ያላቸው ሞተሮች ግን ሸክማቸው ሲቀል ፍጥነታቸው ጥቂት ይጨምራልና፣ ከጎደለው ከፊሉን ይመልሳሉ የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፤ ሁሉንም ይመልሳሉ የሚሉት ግን ተሳስተዋል። ደግሞም የአየሩ ክብደት በቀትርና በሌሊት፣ በሙቀትና በብርድ ጥቂት ይለያያል። እንዲሁም ቱቦው በድፍኑ የሚለካው ኃይልና ቱቦው ተከፍቶ የሚነፍሰው የአየር ብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እዚህ የምናገረው ስለ ፊተኛው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ዋናውን ነገር አያናውጠውም።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ፤ ቀላል አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። የኤሌክትሪክ ሞተር መመዘኛ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ የወጣ ስለ ሆነ፣ እዚህ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ሞተር ቶሎ ይግላል፣ ካርቦኑም ቶሎ ያልቃል። በዚህ ላይ ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽን ሲቀጠልበት ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ የመምጠጥ ኃይሉ በ19 በመቶ ይቀንሳል፤ የማራገቢያ ሕግ እንዲህ ነውና።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። አንድ ባልዲ ውሃ በደረጃው ሥር አስቀምጬ፣ ጥርት ያለ የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ከውሃው ነክሬ፣ ሌላውን ጫፍ በደረጃው መከታ ወደ ላይ አውጥቼ ከማሽኑ ቱቦ አፍ ጋር በፕላስተር አሸግሁት። ማሽኑ ሲነሣ ውሃው በቱቦው ውስጥ ወጣ፤ በሜትር ብለካው 1 ሜትር ከ10 ሆነ። የፊተኛው ቴክኒሻን አልዋሸም። ከጎደለው 1 ሜትር ከ10 ግን የከፍታው ዕዳ እኩሌታው ብቻ ነው፤ ስለ ቀሪው ተራራ አይጠየቅም። የቆሻሻ ውሃውን ጋን ክዳን ብከፍተው የማሸጊያው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ቱቦው ከመታጠፊያው ላይ ተቀድዶ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የአየር ማጣሪያው በደረቀ አረፋ ተለስኗል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ሲጨመርበት የቆየ ነው። አረፋ ጋኑን ሲሞላ ውሃ ገና ሳይሞላ ተንሳፋፊው መዝጊያ መንገዱን ይዘጋል፣ ወይም አረፋው አልፎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ሞተር የሚቃጠለው በዚህ ነው። ማሸጊያውን ለወጥሁ፣ ቱቦውን ከተቀደደበት ቆርጬ ገጠምሁ፣ ማጣሪያውን አጠብሁ፤ ውሃው 1 ሜትር ከ62 ላይ ቆመ።

አስተዳዳሪው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ታዲያ 2 ከ20 መቼ ነው የሚሆነው?» አለኝ።

«እዚህ አይሆንም» አልሁት።

ደንበኛ የሚጠብቀውን ነገር ያገኘው ከሻጩ ፊልም ነው፤ ፊልሙ ልስልስ ባለ ሰፊ ወለል ላይ ማሽኑ እርጥቡን መንገድ በአንድ ጊዜ ደረቅ ሲያደርገው ያሳያል። የእኛ ሕንጻዎች ሴራሚክ ግን ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ጎድጓዳ ነው፤ ጎማው ከበላይ ያልፋል፣ ውሃው በቦዩ ይቀራል፤ ይህን ምንም ዓይነት ኃይል ያለው ሞተር አያስተካክለውም። ስለዚህ በውል ላይ «ወለሉ ደረቅ ይሆናል» ብሎ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ወጥመድ ነው። በስንት ደቂቃ ውስጥ፣ በየትኛው ወለል ላይ፣ መሥመር ሳይቀር ወይስ ጤዛ ያህል ተፈቅዶ የሚለው ተጽፎ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ቆመው ሊያዩት ይገባል። ማብረቅረቅንም ከንጽሕና ጋር የሚያምታቱ አሉ፤ ሰም የተቀባ ቆሻሻ ወለል ያበራል፣ በሚገባ የታጠበ ቴራዞ ደግሞ ደብዘዝ ሊል ይችላል።

ለከፍታው ግን በደሉን ብቻ ሳይሆን ውለታውንም መቁጠር ይገባል። የውሃ እንፋሎት በሳሳ አየር ውስጥ በቀላሉ ይሠራጫልና፣ በወለሉ ላይ የቀረችው ስስ ውሃ በበጋ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ እዚህ ከባሕር ጠለል ይልቅ ቶሎ ትደርቃለች። በሐምሌና በነሐሴ ግን አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚጠግብ ይህ ውለታ ይጠፋል፤ በክረምትና በበጋ አንድ ዓይነት የመድረቂያ ሰዓት የሚጠይቅ ደንበኛ ሠራተኛውን ከአቅሙ በላይ ይጠይቃል።

ማሽኑ ከታደሰ በኋላ ሴትዮዋ እንደገና ነዳችው። ወለሉ ከፊተኛው ይልቅ ደረቀ፤ ሁለቱ መሥመሮች ግን ቀጥነው አሁንም ይታዩ ነበር። ጎንበስ ብዬ የኋላውን ጎማ በጣቴ ብዳስሰው ሁለት ስፍራ ላይ የምስማር ያህል ጎድጎድ ብሏል። ጎማው አራት ጠርዝ አለው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይዞራል፤ ይህን ግን ማንም አልነገራትም። ማጥበቂያውን ፈትታ፣ ጎማውን በገዛ እጅዋ አውጥታ፣ ገልብጣ መለሰችው፤ እንዴት እንደሚጠብቅም አንድ ጊዜ ብቻ አሳየኋት። ከዚያ ማሽኑን ከአሳንሰሩ በር እስከ ዋናው መግቢያ ድረስ አንድ ጊዜ ነዳችውና ቆማ ወደ ኋላዋ ተመለከተች። መወልወያው በግድግዳው እንደ ተደገፈ ነበር።