ድጋፉ ገበያ ድረስ ይዝለቅ

ከደሴ ወደ ኩታበር ሲወጡ ዳገቱን የለበሰው ባሕር ዛፍ ስለ ግብርና ድጋፍ ብዙ ያስተምራል። በደርግ ዘመን ወሎ ውስጥ በምግብ ለሥራ ስንዴ እየተሰፈረ ሰፊ የማኅበረሰብ ደን ተተክሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባለቤት ያጣው ደን በብዙ ቦታ ተመንጥሮ አለቀ። ገበሬው በማሳው ጠርዝ፣ እህል በማያበቅል ቦረቦርና በገደል አፋፍ ለራሱ የተከለው ግን ዛሬም ይሸጣል። ለዚህኛው ተከላ አበል የከፈለ ፕሮጀክት የለም። ደሴ ውስጥ አጠናና ማገር የሚፈልግ ቤት ሠሪ፣ ማገዶ የሚፈልግ ቤተሰብ አለ፤ ነጋዴው በቁሙ ተስማምቶ ይገዛል፣ አስቆርጦ ይጭናል። ባለቤቱ ልጅ ሲድር ወይም ዕዳ ሲመጣበት ይሸጣል፤ ዋጋ ከወረደም ይተወዋል፣ ዛፉ እንደሆነ አይበላሽበትም። ባሕር ዛፍ አፈር ያደርቃል፣ ምንጭ ይመጥጣል የሚለው ወቀሳ እውነት አለውና ተክሉን ለማወደስ አላነሳሁትም። ያነሳሁት «የእኛ ገበሬ አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚለውን የቆየ ክስ ስለሚያፈርሰው ነው። ገዢው የታወቀና ጊዜ የሚሰጥ ነገር ሲያገኝ ማንም ሳይጎተጉተው ይቀበላል።

የውጭ የልማት ገንዘብ ለአገሪቱም ሆነ ለደቡብ ወሎ እንግዳ አይደለም። ስዊድን በ1960 ዓ.ም. ገደማ አርሲ ውስጥ የጭላሎን የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱን፣ ስታቋቁም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያው ምርቱን ከፍ አደረገው። ትርፉን ያዩ ባለ መሬቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን አፈናቀሉ። ምርት ማሳደግ ብቻውን ለማን እንደሚጠቅም ያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ያችው ስዊድን ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ የገጠር ልማት ፕሮግራም ደገፈች። ከዚያ ሁሉ ሥራ ሥር የሰደደው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ይመስለኛል። ጎዛምን ውስጥና እዚሁ ደሴ አጠገብ ገራዶ ላይ ተሞክሮ ክልሉን አዳረሰ። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅ ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቀደ። ሙከራው ከፕሮጀክቱ ዕድሜ ያለፈው ሕግና መሥሪያ ቤት ስለተረከቡት ነው። በገበያው በኩል እንዲህ ያለ ተረካቢ አልተገኘም።

አንዱ ምክንያት የገንዘቡ አከፋፈል ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ኩታበርን ለመሰሉ ዝናብ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ተመደበ። በ2003 ዓ.ም. በ83 ወረዳዎች የጀመረውና በሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 157 ያደገው የግብርና እድገት ፕሮግራም ደግሞ ምርታማ ለተባሉት ሆነ። ቡድን ተደራጅቶ ሐሳብ የሚያቀርብበት፣ ከገበያ የሚተሳሰርበት ገንዘብ በዋናነት በሁለተኛው መስመር ሄደ። በመጀመሪያው መስመር ያለው ገበሬ ስንዴ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ከዚያም «ራስህን ችለሃልና ከድጋፉ ተመርቀሃል» የሚል ቃል ይጠብቀዋል። ተመርቆ ምኑን ለማን እንደሚሸጥ የሚነግረው ግን ማን ነው? ግብርና ጽሕፈት ቤት ወደ ኅብረት ሥራ፣ ኅብረት ሥራው ወደ ንግድ ይመራል፤ መልሱን ግን አንዳቸውም በኃላፊነት አይይዙትም።

ሌላው ጊዜ ነው። የበልግ ዘር ከጥር እስከ መጋቢት መሬት መግባት አለበት፤ የመንግሥት በጀት ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። ግዥው ተጓትቶ ሚያዝያ ላይ የሚደርስ ዘር በወረቀት ላይ «ተከናውኗል» ይባል ይሆናል እንጂ በማሳው ላይ አልፎበታል። ብድሩም ቢሆን መመለሻው ብዙውን ጊዜ ምርት በተሰበሰበ ማግሥት ነውና ሁሉም እኩል ገበያ ወጥቶ ዋጋ በወደቀበት ቀን ያሸጣል። ድንች ዘርቶ ጥሩ ያመረተ ሰው ሁለት ወር የሚያቆየው ቀዝቃዛ ጎታና ዕዳውን የሚያሻግርለት ገንዘብ ካጣ፣ ጥሩ ማምረቱ ራሱ ይጎዳዋል።

የማይመለስ ገንዘብ ሰውን እጅ ጠባቂ ያደርጋል፣ ብድር ይሻላል የሚሉ አሉ። ለተለመደ ሥራ እኔም እስማማለሁ፤ በሬ ለማድለብ ስጦታ አያስፈልግም። ያልተሞከረ ነገር ግን ሊከሽፍ ይችላል፤ የመክሸፉን ዕዳ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ብቻውን ይሸከም ማለት አትሞክር ማለት ነው። ከዓለም ባንክ በተገኘ 170 ሚሊዮን ዶላር በ2010 ዓ.ም. የጸደቀው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ፕሮጀክት አምራች ቡድኖች ከራሳቸው ድርሻ እየጨመሩ ድጋፍ የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። ድርሻ ያዋጣ ሰው ተመጽዋች አይባልም። ገበያውን ለነጋዴ ተዉለት የሚሉም አሉ። ነጋዴ ጠላት አይደለም፤ ግን ምርቱ በእጁ የሚበሰብስበት ሻጭ ምን ይዞ ይደራደራል? በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የተዘረፈው መጋዘንና የተበተነው ጥሪት ይህን የመደራደር አቅም ይበልጥ አሳንሶታል።

ገዢ ደግሞ ቅርብ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉት ግቢዎቹ በየቀኑ ተማሪ ይመግባል፤ ሆስፒታሎችና ማረሚያ ቤቶችም እንዲሁ ድንች፣ ምስርና ባቄላ ይገዛሉ። የግብርና ምርት ውል አዋጅም በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። ለኩታበር የሚመጣው ቀጣዩ ድጋፍ በእንዲህ ያለ የገዢና የአምራች ውል ላይ ይቁም፦ ለጎታው፣ ለማጓጓዣውና ገዢው እስኪከፍል ላሉት ሳምንታት ይዋል። የዞኑ ግብርና መምሪያና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ የመጪው በልግ ዘር መሬት ሳይነካ የዩኒቨርሲቲውን ግዥ ክፍልና የኩታበርን ማኅበራት አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።