ለቤት ድመት የሚሠራ የውጭ ማቆያ

ድመት በከተማ ቤቶቻችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሥራ አላት፤ ይኸውም እህልን ከአይጥ መጠበቅ ነው። ነገር ግን ቀን በየአጥሩ ስትዘል፥ ማታ በየጎረቤቱ ማድ ቤት ስትገባ የምታመጣው ጉዳት የጥቅሟን ያህል አይታሰብም። መርዝ የቀመሰች አይጥ ትበላለች፤ ከታመመ ውሻ ጋር ትጣላለች፤ በጓሮ አትክልት መደብ ላይ ትጸዳዳለች። ስለዚህ በዚህ ወር ለድመት የሚሆን የውጭ ማቆያ እንዴት እንደሚሠራ ለመግለጽ አስበናል።

ነገሩ አንዳንድ አንባቢዎችን ፈገግ እንደሚያሰኛቸው እናውቃለን። እኛም በባሕር ማዶ በትምህርት ላይ ሳለን፥ ለድመት በሽቦ የታጠረ ሰገነት ባየን ጊዜ ስቀን ነበር። በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ ግን ከሰኔ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ድመት ሁሉ በባለቤቱ ግቢ ተወስኖ እንዲኖር በሕግ ታዟል። እዚያ በይበልጥ የታሰበው ለዱር ወፎችና እንስሳት ነው፤ እኛ የምናስበው ለሰው ጤና ነው።

ዋናው ሥጋት ቶክሶፕላዝማ የምትባል በዓይን የማትታይ ጥገኛ ነፍሳት ናት። ድመት የምትለከፈው አይጥ፥ ወፍ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ነው። በመጀመሪያ በተያዘች ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል የጥገኛዋን ዘር ከዓይነ ምድሯ ጋር ትጥላለች። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ብትያዝ ጽንሱ ሊጨነግፍ፥ ወይም ሕፃኑ ዓይኑና አንጎሉ ተጎድቶ ሊወለድ ይችላል። ደግነቱ፥ ዘሩ እንደ ወጣ ወዲያው አይለክፍም፤ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ የሚጸዳ ማቆያ የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው። (በሽታው በጥሬ ሥጋም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ይህ በበዓል ሰሞን የሚወደድ ወሬ አይደለም፥ እውነቱ ግን ይኸው ነው።)

ማቆያው ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ከመስኮት ሥር ቢሠራ ይመረጣል፤ ድመቷ በመስኮቱ ራሷ ትወጣለች ትገባለች። ለአንድ ወይም ለሁለት ድመት 2 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃል። ከፍታው 2 ሜትር ያህል ይሁን፤ ተጎንብሶ የሚገባበት ማቆያ በሁለተኛው ሳምንት ሳይጸዳ መዋሉ አይቀርምና። ለቋሚው ደረቅ የባሕር ዛፍ አጠና ይሆናል። ምስጥ እንዳይበላው መሬት የሚገባውን ጫፍ ብቻ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ነው፤ ከላይ የተቀባ እንደ ሆነ ድመቷ ተሻሽታበት ፀጉሯን ስትልስ ዘይቱን ትውጠዋለች። የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ውሻ ቆፍሮ እንዳይገባም ግርጌው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበር።

ጣሪያውን ክፍት መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ይህንንም የተማርነው በራሳችን ቤት ነው። በመጀመሪያ በሠራነው ማቆያ ከፍታው ይበቃል ብለን ሽቦውን በጎን ብቻ መታን። ድመቷ በሦስተኛው ቀን አጠናውን ቧጥጣ ወጥታ ጠፋች። ከስምንት ቀን በኋላ ስትመለስ ከድድዋ ደም ይፈስ ነበር፤ የአይጥ መርዝ ምልክት መሆኑን ወዲያው ዐወቅን። አልዳነችም። ታናሿ ልጃችን ከላይ ለምን ሽቦ እንዳልተደረገ ጠየቀችን፤ የምንመልስላት አጣን። አሁን ያለው ማቆያ ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ፥ ግማሹ ሽቦ ነው። ሁሉም ቆርቆሮ ቢሆን በበጋ እንደ ምድጃ ይግል ነበር።

በውስጡ ከፍ ያለ የጣውላ መደርደሪያ፥ ንጹሕ ውኃና አሸዋ የተሞላ ሣጥን ይኑር። አሸዋውን በየቀኑ የሚያነሣው ሰው ነፍሰ ጡር ያልሆነ፥ የእጅ ጓንት ያደረገ ይሁን፤ ቆሻሻው መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣል። ሣጥኑ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ በረኪና ይህችን ጥገኛ አይገድላትም። ከውኃ ጋር ሲደባለቅ እንደ ወተት የሚነጣው ፌኖል ያለበት የጽዳት መድኃኒትም ድመትን ስለሚመርዝ አይጠጋ።

ማቆያ ክትባትን አይተካም። ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛታል፤ በንክሻም ታስተላልፋለች። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

«ድመቷ ከታሰረች አይጡን ማን ይይዘዋል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አይጥ የሚወጣው ሌሊት፥ የሚመጣውም ወደ እህሉ ነው። ሲመሽ የመስኮቱ መዝጊያ ይዘጋል፤ ድመቷም በጓዳ ታድራለች።