የይፋት ታሪክ ግእዝም ዓረብኛም ይጠይቃል

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃና በሰንበቴ አልፎ አጣዬ የሚገባ መንገደኛ በግራው ተራራውን፣ በቀኙ ቆላውን ያያል። ዓይኑ የሚያርፈው ማሽላው፣ ማሾውና የሽንኩርት ማሳው ላይ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በተራራው ጥግና በአርጎባ ኮረብታዎች ላይ ግን የፈረሱ የድንጋይ ከተሞች አሉ፦ ኖራ፣ አስበሪ፣ ፈቂ ደቢስ፣ ራሳ ጉባ፣ በሪ ይፋት። የመስጊድ ግድግዳ፣ የቤት መሠረት፣ የእርሻ እርከንና መቃብር እስከ ዛሬ ይታይባቸዋል። በሪ ይፋት በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተነሥቶ ይፋትን የገዛው የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቃብር ያለበት ቦታ ነው። በመቃብሮቹ ላይ በዓረብኛ የተቀረጹ ድንጋዮች ተገኝተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ቦታዎች በሥርዓቱ መዝግቦ ለዓለም ያሳወቀው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ነው። ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬል፣ በርትራን ሂርሽና አሜሊ ሸክሩን የ15 ዓመት የአርኪዮሎጂና የታሪክ ምርመራቸውን በ2017 ባወጡት ሰፊ ጥናት አጠቃለዋል። የአካባቢው ሰው ፍርስራሾቹን ድሮም ያውቃቸው ነበር። ቡድኑን እየመራ ያሳየውም እሱ ነው። ጥናቱ ግን የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። አጣዬ ተወልዶ፣ አጣዬ ተምሮ፣ የወረዳውን ጎረቤት የጥንት ከተማ ታሪክ በማስተርስ ደረጃ ላጥና የሚል ወጣት በዓረብኛ የተቀረጸውን ድንጋይ በፈረንሳይኛ ማብራሪያ ማንበብ ይጠበቅበታል። እኔን የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ ሊስተካከል እንደሚችልም አምናለሁ።

ይፋትን ከሌላው የአገራችን የመካከለኛው ዘመን ታሪክ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ምንጮቹ በሁለት ወገን ተጽፈዋል፤ ሁለቱም ወገኖች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። የዐፄ ዓምደ ጽዮን የ1332 ዘመቻ ታሪክ በግእዝ ነው፤ የይፋቱን ገዥ ሰብረዲንን እንደ ዋና ባላጋራ ያቀርበዋል። በዚያው ዘመን ካይሮ የነበረው የመንግሥት ጸሐፊ አል ዑመሪ ደግሞ ስለ ሰባቱ የሙስሊም ግዛቶች በዓረብኛ ጽፏል፤ ከሰባቱ አንዱ ይፋት ነው። አል ዑመሪ አገሩን አላየም። አብዛኛውን ያገኘው ካይሮ ከነበረው የሕግ ሊቅ ከዐብደላ አል ዘይለዒ ነው። አንዱ ጸሐፊ ከድል አድራጊው ሰፈር፣ ሌላው ከባሕር ማዶ ሆኖ በሰው ቃል ስለ አንድ አገር ይነግሩናል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ምን እንደሚያተርፍ በጫት ላሳይ። የግእዙ ታሪክ ሰብረዲን ሲዝት ያሰማናል፤ የንጉሡን ከተማ ይዤ ሙስሊሞች የሚወዱትን ጫት እተክልበታለሁ ይላል። አል ዑመሪም ስለዚያው ቅጠል ጽፏል፤ እንደሚበላ፣ እንቅልፍ እንደሚያባርር፣ የምግብ ፍላጎት እንደሚቀንስ። በግእዙ ቅጠሉ ዛቻ ነው፣ በዓረብኛው ደግሞ የዘወትር ልማድ። ግእዙን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ጫትን የጠላት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ዓረብኛውን ብቻ የሚያውቅ የጸጥታ ጊዜ ደስታ ብቻ ይመስለዋል። ሁለቱን ያነበበ ግን የግእዙ ጸሐፊ ለአንባቢው የታወቀ የጎረቤት ልማድ አንሥቶ ወደ ፉከራ እንደቀየረው ያያል። ጸሐፊው ጎረቤቱን ቀረብ ብሎ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ስለ ክርስቲያኑና ስለ ሙስሊሙ ይፋት ግንኙነት ይህ ትንሽ ግኝት አይደለም።

የዘመን ቀመሩም እንዲሁ ነው። በ1941 ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ ከወላስማዎች በፊት ሸዋን ስለ ገዙት መኽዙሚዎች የሚናገር አጭር የዓረብኛ ሰነድ አሳተመ። ሰነዱ ንግሥት ባዲት በ455 ሂጅራ፣ ማለትም በ1063፣ መሞቷን ይመዘግባል፤ ግዛቱ በወላስማ እጅ የወደቀውም በ684 ሂጅራ፣ በ1285 ነው። የመኽዙሚዎቹ ሥርወ መንግሥት በ283 ሂጅራ፣ በ896 ገደማ ተጀመረ የሚለውን ከተቀበልን በሂጅራ 401 ዓመት ገዝቷል፤ በፀሐይ አቆጣጠር ግን 389 ብቻ። የጨረቃው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በአራት መቶ ዓመት ውስጥ 12 ዓመት ይበላል። በጥንቱ የግእዝ አቆጣጠር ደግሞ ዓመተ ምሕረት 532 ሲሞላ ዞሮ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ቁጥሩን ያየ ሰው በየትኛው ዙር ላይ እንዳለ ከሌላ ማስረጃ ካልፈለገ በአምስት መቶ ዓመት ይሳሳታል። ይህን ሁሉ ለማስማማት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሁለቱን ሥርዓት ያስተማረ መምህር ግን ያስፈልጋል።

ድንጋዩ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ዓመቱ በቁጥር ሳይሆን በቃል ነው የሚቀረጸው፤ ትንሹ ቀድሞ፣ መቶው ተከትሎ፦ አራትና ሰማንያ ከስድስት መቶ። በዓረብኛ ሰባትና ዘጠኝ ነጥባቸው ሲጠፋ ወይም ቀራጩ ሲተወው አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሰባውን ዘጠና ብሎ ያነበበ ተማሪ አንድን ሰው ሃያ ዓመት ዘግይቶ ያስቀብረዋል። በሻገተ ድንጋይ ላይ ብርሃኑን ከጎን እያመጡ፣ ጥላው ጭረቱን እስኪያጎላው ጠብቆ ማንበብ ክፍል ውስጥ በስላይድ የሚተላለፍ ሙያ አይደለም። ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚለመደው።

እንግዲህ ይህን ሙያ የያዙ ኢትዮጵያውያን የት ተማሩ? ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉትን፣ በ1972 ኦክስፎርድ ያሳተመውን ሥራ ያዘጋጁት ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ነበር። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ኢትዮጵያ ከግሪክና ከሮማ ዓለም ጋር የነበራትን ግንኙነት ያጠኑት ጀርመን ቦን ነው። ጌታቸው ኃይሌ ዶክትሬታቸውን ከቱቢንገን አገኙ፤ በኋላም ሚኒሶታ ተቀምጠው በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍትን ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። የወሎን እስልምና ያጠኑት ሁሴን አህመድ በርሚንግሃም ተማሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1978 ነው። ከዚያ ወዲህ በታሪክ፣ በፊሎሎጂና በአርኪዮሎጂ ብዙ ተማሪዎች በማስተርስና በዶክትሬት ተመርቀዋል፤ በፊሎሎጂ በኩል ዓረብኛና ዓጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአገር ቋንቋ) ጽሑፎችን የመረመሩም ወጥተዋል። የታሪክ ክፍሉ መመረቂያ ጽሑፎች ግን በአመዛኙ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ያተኩራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለቅርብ ዘመን አማርኛና እንግሊዝኛ ይበቃል፤ ሽማግሌ ይጠየቃል፣ መዝገብ ቤት ይገባል። ለ14ኛው ክፍለ ዘመን ግን ተማሪው ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቋንቋም ዘመን ቀመርም ንባብም መማር ይኖርበታል። አስተዋይ ተማሪ ይህን አይቶ ይሸሻል። አልፈርድበትም።

ለይፋት ለራሱ ሁለት ሰዎች በተለይ መነሣት አለባቸው። አህመድ ሀሰን ኡመር በ1987 ለመጀመሪያ ዲግሪያቸው የጻፉት ስለ ኤፍራታና ጂሌ ወረዳ ታሪክ ነበር፤ አጣዬ ያለችበትን አገር ማለት ነው። በኋላ ፓሪስ ሄደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነበረው የይፋት እስልምና፣ ንግድና ፖለቲካ፣ በተለይም ስለ አልዩ አምባ ገበያ የዶክትሬት ጥናት ሠሩ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ዳይሬክተርም ሆነዋል። ደረሰ አየናቸው ደግሞ ስለ መካከለኛው ዘመን ነገሥታት ከተማ፣ ማለትም ስለ ተንቀሳቃሹ የንጉሥ ሰፈር፣ ፓሪስ ላይ ዶክትሬታቸውን ሠርተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ሁለቱም የሚያሳዩት አገሩን የሚያውቅ ሰው ትምህርቱን ካገኘ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው። ሁለቱም ግን ትምህርቱን ፍለጋ ፓሪስ መሄድ ነበረባቸው።

ቋንቋው ጠፍቶ አይደለም። ሸዋ የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔ የዘረፈ ልጅ ግእዝን ከማንኛውም የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ይልቅ በጆሮው ያውቀዋል። ከወሎ እስከ ይፋት ቆላ ድረስም ደረሳ ከሼህ ወደ ሼህ እየዞረ ነሕውና ሶርፍ ተምሯል፤ የዓረብኛውን ሰዋስው በቃሉ ይዞታል። የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ችጋር ዕውቀት ፍለጋ የተንከራተቱ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም እኩል ባዶ እጃቸውን ናቸው። መጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃሉ። ዲግሪ ያለው ደግሞ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያልፋል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚለካውም የቋንቋ፣ የሒሳብና የትንተና ችሎታ ነው። ይህ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ተገቢ ሊሆን ይችላል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይ ለሚያነብ ሰው ግን ዋናውን ችሎታ ጨርሶ አይጠይቅም።

በእንግሊዝ አገር ግሪክና ላቲን ሳይማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ያገኙ ተማሪዎች ለማስተርስ ሲመጡ ቋንቋውን ከዜሮ በተፋጠነ ኮርስ የሚጀምሩበት መንገድ አለ። ካናዳ ቶሮንቶ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ግእዝ ያስተምራል፤ ለዚያ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ኢትዮጵያዊ ወላጆች ያሉት ዘፋኝ ዘ ዊክንድ ነው። ቶሮንቶ ለግእዝ ቦታ ካገኘ ደብረ ብርሃንና ደሴ ለግእዝና ለዓረብኛ በአንድነት ቦታ የማያገኙበት ምክንያት አይታየኝም። ሐሳቤ ይህ ነው፦ ደብረ ብርሃንና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች በይፋትና በአካባቢው ታሪክ ላይ አንድ የጋራ የማስተርስ ፕሮግራም ይክፈቱ፤ ሦስት ዓመት ይሁን፤ የመጀመሪያው ዓመት ለቋንቋ ብቻ ይዋል። ግእዙን መሪጌታዎች፣ ዓረብኛውን ሼሆች ያስተምሩ፣ ደመወዛቸውም እንደ መምህር ይከፈል። ከአብነት የመጣው ዓረብኛ፣ ከደርስ የመጣው ግእዝ ይጀምር። በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሲያርም ሁለቱም ያተርፋሉ።

ይህን የምለው ስለ አጣዬም ስለማስብ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በደረሰው ግጭት የከተማዋ ብዙ ክፍል ተቃጠለ፤ ሰው አለቀ፣ ተፈናቀለ። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። የግጭቱ መንስኤ መሬት፣ አስተዳደርና መሣሪያ እንጂ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ አይደለም። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ ወደ ታሪክ ይሮጣል፤ ማን ቀድሞ ሰፈረ፣ ይፋት የማን ነው ይባላል። እያንዳንዱ ወገን ከሁለቱ ምንጮች የሚስማማውን ገጽ ብቻ ይጠቅሳል፣ አንዳንዴም ያልተጻፈ ገጽ ይጨምራል። አል ዑመሪ የሙስሊሞቹ ገዥዎች ለአምሐራው ንጉሥ ይገብሩ እንደነበር ጽፏል፤ የግእዙ ታሪክም እነዚያው ገዥዎች ምን ያህል ኃይል እንደነበራቸው ሳይፈልግ ይመሰክራል። ሁለቱም የዛሬውን የወሰን ጥያቄ አይፈቱም፣ ሊፈቱም አልተጻፉም። ይህን በማስረጃ፣ ለሁለቱም ወገን ተማሪ በአንድ ቋንቋ ማስረዳት የሚችል የታሪክ መምህር አጣዬና ሰንበቴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቢኖር ክርክሩ አይቆምም፤ ቢያንስ በሐሰት ጥቅስ አይካሄድም።

ፀጥታው ለመስክ ሥራ ዛሬ አይመችም። ቁፋሮም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ያለ ቁፋሮ የሚሠራ ግን ብዙ አለ። የ2017ቱን ጥናት፣ ቼሩሊ ያሳተመውን ሰነድና የአል ዑመሪን የይፋት ክፍል ወደ አማርኛ መመለስ ለሦስት ጎበዝ ተማሪዎች ሦስት የማስተርስ ሥራ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ፈረንሳይኛ፣ አንድ ጣሊያንኛና አንድ ዓረብኛ የሚያውቅ አማካሪ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ወረቀት፣ የሁለት ዓመት የተማሪ ድጎማና የማተሚያ ገንዘብ ነው። ሲያልቅ ቅጂው መጀመሪያ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይላክ።