የሐሙሱ ሥጋ የሚጣፍጠው ማክሰኞ ማታ ነው

በኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ አሜሪካውያን የምስጋና ቀናቸውን ያከብራሉ። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ይዘጋል፤ አብረውን የሚኖሩት ልጆች ሻንጣቸውን አንሥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ በመኝታ ቤቱ ኮሪደር የሚሰማው የኛው ኮቴ ብቻ ይሆናል። ቤታችን ባሕር ማዶ የሆነ እኛ ግን የምንሄድበት ስለሌለን፣ በየዓመቱ በማኅበራችን ስም አንድ ማእድ ዘርግተን አብረን እንውላለን። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ማእድ፣ በተለይም በመካከሉ ስለሚቀመጠው የተርኪ ሥጋ ነው። ነገሩ የወጥ ቤት ወሬ ነው ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት፣ ባለፈው በዓል የደረሰብንን ብትሰሙ ይሻላል።

ባለፈው በዓል አንድ ትልቅ ተርኪ ገዛን። በረዶው ሳይለቅለት ኦቨን ውስጥ አስገባነው። ከላይ ጠቆረ፤ ቆርጠን ስናየው ከአጥንቱ ዙሪያ ገና ጥሬ ነበር። መልሰን ከተትነው። በመጨረሻ የቀረበው ደረት ጥጥ ይመስል ነበር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ግን አዋዜው ከመቅጽበት አለቀ። ከከተማው ከተጋበዙት እንግዶቻችን መካከል አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ጉርሻ ቀምሰው ዝም አሉ፤ ቆየት ብለው «ልጆቼ፣ ይህን ሥጋ ጨው የነካው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። «አሁን ሲቀርብ ነዋ፣ እማማ» አልናቸው። «እንግዲያማ አልተዋወቁም» አሉና ሳቁ። እኛም አብረናቸው ሳቅን፤ ነገር ግን ነገሩን ስንመረምረው የተናገሩት ሙሉ በሙሉ እውነት ሆኖ አገኘነው። ሥጋና ጨው ለመተዋወቅ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወፉ ጥቂት እንበል። ተርኪ የአሜሪካ ወፍ ነው፤ ለማዳ ያደረጉትም የጥንት የሜክሲኮ ሕዝቦች ናቸው። ስሙ ግን የመጣው በስሕተት ነው። እንግሊዞች በቱርክ አገር በኩል ይመጣላቸው የነበረውን የአፍሪካ ወፍ «የቱርክ ዶሮ» ይሉት ነበር፤ ያ ወፍ በአገራችን ቆላ የምናውቀው ጅግራ ነው። በኋላ ከአሜሪካ የመጣውን ትልቁን ወፍ ከእርሱ ጋር አደባለቁትና ስሙ በዚያው ጸና። ስለዚህ ተርኪ በስም በኩል ከእኛ ጅግራ ጋር ዝምድና አለው ማለት ይቻላል። በዓሉም ቢሆን ታሪኩ እስከ 1621 ዓ.ም. የፕሊመዝ ሰፋሪዎችና የዋምፓኖአግ ሕዝብ ማእድ ድረስ ወደ ኋላ ይቈጠራል፤ የአገሩ ሁሉ በዓል እንዲሆን ያወጁት ግን ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ሲሆኑ፣ በአራተኛው ሐሙስ እንዲውል በሕግ የተወሰነው በ1941 ነው።

ደረቱ ለምን ይደርቃል? እናቶቻችን ዶሮ ሲገነጥሉ ፈረሰኛ የሚሉት ይህ ክፍል ጮማው እጅግ ጥቂት ነው። ከጥሬው ሥጋ ከመቶ ሰባ አምስት ያህሉ ውሃ ነው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ በሄደ ቍጥር የሥጋው ክሮች እየተኮማተሩ፣ ልብስ እንደሚጨመቅ ሁሉ፣ ውሃውን ወደ ውጭ ይጨምቁታል። በዶሮ ወጥ ጊዜ ይህ አያስቸግረንም፤ ፈረሰኛው በቁሌቱና በቅቤው ውስጥ ስለሚዋኝ ድርቀቱ ይሸፈንለታል። በኦቨን የሚጠበስ ደረት ግን የሚሸፍነው መረቅ የለውም። ያለው በውስጡ የያዘው ውሃ ብቻ ነው፤ እርሱን ካጣ የሚመልስለት የለም።

ጨው የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ደረቅ ጨው በሥጋው ላይ ሲነሰነስ በመጀመሪያ ውሃውን ወደ ውጭ ይስባል፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ብታዩት ላዩ ረጥቦ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አደረቅነው» ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ያ ውሃ ጨውን ያሟሟና ጨዋማ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹም ቀስ በቀስ ወደ ሥጋው ተመልሶ ይገባል። ወደ ውስጥ የገባው ጨው የክሮቹን ፕሮቲን ያላላዋል፤ የላላ ክር ደግሞ በሙቀት ጊዜ እንደ በፊቱ ጠንክሮ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ውሃውን ይዞ ይቀራል። በዚህም ላይ ጣዕሙ ከላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይዘልቃል። ይህ ሁሉ ግን በሰዓታት የሚሠራ እንጂ በደቂቃ የሚሆን አይደለም።

«ጨው ሥጋን የሚያደርቅ ካልሆነ ቋንጣ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ቋንጣ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ለቀናት በነፋስ ተሰቅሎ ነው የሚደርቀው። እኛ የምንናገረው አጥንቱ ላይ እንዳለ በፍሪጅ ስለሚያድር ወፍራም ሥጋ ነው። በጨው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም የታወቀ መንገድ ነው፤ ይሁን እንጂ ትልቅ ድስት ይፈልጋል፣ ፍሪጁን ያጣብባል፣ ሥጋው የሚጠጣው ተጨማሪ ውሃም ጣዕሙን ያቀጥነዋል፣ ቆዳውንም ያረጥበዋል። ደረቅ ጨው የሚፈልገው አንድ ትሪ ብቻ ነው።

ሙሉውን ወፍ ትተን ደረቱን ብቻ እንድንገዛ የምንመክረው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የአበሳሰል ነው። እግሩና ደረቱ አንድ ዐይነት ሙቀት አይፈልጉም፤ እግሩ እስኪለሰልስ ሲጠበቅ ደረቱ ይደርቃል። ሁለተኛው የኛው የማኅበራችን ነገር ነው። በማእዳችን ዙሪያ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም አሉን፤ የአንዱን ዕርድ ሌላው እንደማይበላ ሁላችንም ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። አንድ ትልቅ ወፍ በመካከል ሲቀመጥ ከሁለቱ አንዱ ወገን በእንጀራና በሰላጣ ብቻ ይቀራል፤ ባለፈው የሆነውም ይኸው ነበር። ሁለት ትንንሽ ደረት፣ አንዱ ከሐላል ሥጋ ቤት የተገዛ፣ በሁለት ትሪ፣ በሁለት ቢላዋ ቢዘጋጅ ግን ሁሉም ከአንድ ማእድ ይነሣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ ግዥ። አጥንቱና ቆዳው ያልተለየውን ደረት ምረጡ። ሦስት ኪሎ የሚሆነው ለስድስት ወይም ለሰባት ሰው ይበቃል። መጠቅለያውን አንብቡ፤ በዚህ አገር ብዙው ተርኪ ጨውና ውሃ ተወግቶ ይሸጣል። «የጨው ውሃ የተጨመረበት» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ወይም በአይሁድ ሥርዓት ተዘጋጅቶ ጨው የገባለት ከሆነ፣ ድጋሚ ጨው አትጨምሩበት።

ሁለተኛ፣ በረዶውን ማስለቀቅ። በፍሪጅ ውስጥ ለሁለት ኪሎ አንድ ቀን ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ኪሎውን እሑድ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ብታወርዱት ለማክሰኞ ማታ ይደርሳል። በክፍል ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ማሳደር አደገኛ ነው፤ ውስጡ በረዶ እንደ ሆነ ላዩ ላይ ተሕዋስያን ይራባሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማጠብ። እናቶቻችን ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግመው ያጥባሉ፤ ቤት ውስጥ ታርዶ ለተነጨ ዶሮ ይህ ተገቢ ነው። ከመደብር የሚገዛው ግን ተጠርጎ የመጣ ነው፤ አርባ ሰው በሚጠቀምበት የመኝታ ቤት ኩሽና ከቧንቧ ሥር ሲታጠብ ጥሬው ውሃ በሳህኑም በጎመኑም ላይ ይረጫል። ተሕዋሱን የሚገድለው እሳቱ ነው። በወረቀት ፎጣ ማድረቅ ይበቃል።

አራተኛ፣ ጨው። ማክሰኞ ማታ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ዐሥር ግራም ጨው መዝኑ፤ ለሦስት ኪሎ ሠላሳ ግራም ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ የገበታ ጨው ስድስት ግራም ያህል ስለሚሆን አምስት የሻይ ማንኪያ ይወጣዋል። ጥራጥሬው ሻካራ የሆነ ጨው ግን በአንድ ማንኪያ የሚይዘው ግማሹን ያህል ሊሆን ስለሚችል፣ ማንኪያ ከማንኪያ አይተካከልም። ቆዳውን ሳትቀድዱ በጣታችሁ አላቅቁና ገሚሱን ጨው ከሥር በሥጋው ላይ፣ የቀረውን ከላይና ከጎድኑ በኩል እሹት። በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ መጨመር የምትፈልጉ ልብ በሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ያን ያህል ከጨው መቀነስ ያስፈልጋል። ከዚያም ሳትሸፍኑት በትሪ ላይ አድርጋችሁ በፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ አስቀምጡት፤ ቢንጠባጠብ የሌላውን ምግብ እንዳይበክል ነው። የፍሪጁ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይብለጥ። የማይሸፈነውም ቆዳው እንዲደርቅ ነው፤ የደረቀ ቆዳ ይቀላል፣ ይንኮሻኮሻል፤ እርጥብ ቆዳ ግን በእንፋሎት ይቀቀላል። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ካገኘ ይጠቅመዋል፤ ሃያ አራት ይሻላል፤ እስከ ሦስት ቀንም ይቆያል።

አምስተኛ፣ እሳት። ሐሙስ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር በሦስት ሰዓት፣ ኦቨኑን በ325 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ163 ሴንቲግሬድ አግሉት። ሥጋውን አትለቅልቁት። ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤ ካለ ከቆዳው ሥር ቀቡት፤ ቅቤው ጨው እንዳይኖርበት ብቻ ተጠንቀቁ። ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ይግባ። ሦስት ኪሎ የሚሆነው ከሁለት ሰዓት ከሩብ እስከ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ሆኖም ኦቨን ሁሉ አንድ ስላልሆነ ዳኛው ሰዓት ሳይሆን ቴርሞሜትር ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አጥንት ሳይነካ በወፍራሙ ቦታ እየወጋችሁ ተመልከቱ። 71 ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 160 ፋራናይት ሲደርስ አውጡት። ከወጣ በኋላም በውስጡ ያለው ሙቀት መውጣቱን ስለማያቆም 74፣ ማለትም 165 ፋራናይት ይደርሳል፤ የዚህ አገር መንግሥት ለዶሮ ዘር ሁሉ የወሰነው የደኅንነት ልክ ይህ ነው። መድረሱን በቴርሞሜትሩ አረጋግጡ፤ ካልደረሰ ጥቂት ደቂቃ መልሱት። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ፈርቶ ያቃጥላል፣ ወይም ቸኩሎ ጥሬ ያበላል፤ እኛ በአንድ ቀን ሁለቱንም አድርገናል። ዋጋውም ከአንድ ተርኪ አይበልጥም።

ስድስተኛ፣ ዕረፍትና አቆራረጥ። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ይረፍ። ከዚያ ደረቱን ከአጥንቱ በሙሉ አላቅቁና ክሮቹን አቋርጣችሁ ቁረጡ፤ በክሩ አቅጣጫ የተቆረጠ ሥጋ ለጥርስ ያስቸግራል። የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ በሦስት በአራት ቀን ይበላ። ከአጥንቱ የሚወጣው መረቅ በአልጫ ለፍትፍት ይሆናል፤ የፈተና ሰሞን ለሚያጠና ሰው እጅግ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ፣ የምስጋና ቀን ኖቬምበር 22 ወይም 23 ሲውል ከጾሙ ይቀድማል፤ ከ25 እስከ 28 ሲውል ግን በጾሙ ውስጥ ነው። በ2023 ኅዳር 13 ቀን ስለ ዋለ ሁሉም በላ፤ በ2024 ግን ኅዳር 19 ቀን ነበር። ለጾመኞች ጓደኞቻችን ሽሮውና ምስሩ በሌላ ማንኪያ፣ በሌላ ድስት እንዲሠራ አደራ እንላለን። በዚህም ላይ አንድ ሐሳብ አለን፤ በበዓሉ ሰሞን ሁለተኛ ደረት ተገዝቶ ከዜሮ በታች በ18 ሴንቲግሬድ በፍሪዘር ቢቀመጥ፣ ለወራት ስለማይበላሽ ለገና ይደርሳል። ያን ጊዜ ሐሙስ ዕለት ዐይናቸውን ገድፈው ሽሮ የበሉት ጓደኞቻችን ፈረሰኛውን ይቀድማሉ።

አባቶቻችን «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላሉ። ጨው ብቻውን ግን አይበቃውም፤ ቀድሞ የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዚህ በዓል ለማገዝ የምትፈልጉ ጓደኞቻችን ሐሙስ ቀትር ላይ ሳህን ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ማክሰኞ ማታ ብቅ በሉ። ሥራው የሩብ ሰዓት ነው። እማማንም ደግመን ጋብዘናቸዋል፤ እንደሚመጡም ነግረውናል። ዘንድሮ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቁን የምንመልሰው አለን።