የቀይዋ አምፖል ሁለተኛ ሥራ

አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ሰው ማታ ማታ ፍጥነቱን የሚያውቀው ግማሹን በዓይኑ፣ ግማሹን በግምት ነው። ከመለኪያው ጀርባ ያሉት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 2 ዋት ቢሆኑ ነው፤ ከዚያችውም ላይ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የተረፈችውን ብርሃን ደግሞ የዘመናት አቧራ ይውጣታል።

አንድ የማውቃቸው መምህር ይህ ነገር ሰለቻቸው። መኪናቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራች፣ አልተርኔተር የተገጠመላት ቮልስ ናት። ሶማሌ ተራ ወርደው በድሮዎቹ ልክ የተሠሩ የኤልኢዲ አምፖሎች ገዙ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ የፊቱ ኮፈን ተከፍቶ ውስጥ ያለው ካርቶን ሲነሣ የመለኪያው ጀርባ ፊት ለፊት ይመጣል፣ አምፖሎቹም ከነመያዣቸው በጣት ተስበው ይወጣሉ። የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ቀየረላቸው። የዳሽቦርዱ ቁጥሮች ፏ ብለው ወጡ።

አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ቀድሞ ሞተር ሲነሣ ወዲያው የምትጠፋው ቀይዋ የቻርጅ መብራት አሁን አልጠፋ አለች፤ ነዳጅ ጠበቅ አድርገው ሲረግጡ ነው እልም የምትለው።

«ጋሼ፣ ኤልኢዲ ስስ ነው፤ ለቅምሻ በምትሆን ከረንት ይበራል። ዝም ብለው ይንዱ» አላቸው ኤሌክትሪሺያኑ።

አነጋገሩ ያሳምናል። ኤልኢዲ የድሮ አምፖል ንቅንቅ በማይልባት ከረንት በእርግጥም ይበራል። ችግሩ ይህ እውነት ለዚህ በሽታ መልስ አለመሆኑ ነው።

ቆየት ብሎ ባትሪው ይደክም ጀመር። ግራ የሚያጋባው አንድ ወጥ ሆኖ አለመድከሙ ነበር። ቢሾፍቱ ደርሰው ሲመለሱ ባትሪው ሙሉ ነው። ከሜክሲኮ ሳሪስ በመጨናነቅ ውስጥ ሲሳቡ ባመሹ ማግስት ግን ጠዋት የሚገፋ ሰው ፍለጋ ይወጣሉ። ባትሪ ተገዛ። ቺንጋው ተወጠረ። ሬጉላተሩ ተጠርጥሮ ተቀየረ። ገንዘቡ ወጣ፣ መኪናዋ ግን ያው ናት። ዳሽቦርዱንማ ማን ይጠርጥር፣ እሱ መብራት ብቻ አይደል!

ፍንጩ የተገኘው ከቴስተር ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሳይሰጠው ባትሪው ላይ ሲለካ 12.1 ቮልት አሳየ፤ ጤነኛ አልተርኔተር እየሠራ ቢሆን 14 አካባቢ መሆን ነበረበት። ነዳጅ ሲረገጥ ቁጥሩ ድንገት ዘልሎ 13.9 ገባ፣ በዚያው ቅጽበት ቀይዋ ጠፋች። እግራቸውን ቢያነሱም ቁጥሩ ተመልሶ አልወረደም። እንግዲህ መብራቷ አልዋሸችም። በርታ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ አልተርኔተሩ ተኝቶ ነበር። አንዴ ከነቃ ደግሞ በደንብ ስለሚሠራ ብልሽት የለበትም። የጎደለው የሚቀሰቅሰው ነገር ነው።

መምህሩ የመኪናዋን የሽቦ ንድፍ ፈልገው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ሌሎቹን አምፖሎች በጣታቸው ሲከተሉ መጨረሻቸው የሚጠበቀው ቦታ ነው፤ የዘይቷ መብራት ለምሳሌ ሞተሩ ላይ ባለው የዘይት ግፊት ማብሪያ በኩል ማሳ (የመኪናዋ ብረት) ላይ ትወርዳለች። ከቻርጅ መብራቷ የሚወጣው፣ በጀርመኖች አሠራር 61 የሚል ቁጥር የተሰጠው ሰማያዊ ሽቦ ግን ማሳ አልነካም። በመኪናዋ ርዝመት ወደ ኋላ ተጉዞ አልተርኔተሩ ጋ ገባ።

ቁልፉ እዚህ ነበር። አልተርኔተር ውስጥ የሚሽከረከረው ማግኔት ዘላቂ ማግኔት አይደለም፤ ከረንት ሲያልፍበት ብቻ ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል ነው። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ማግኔት ያስፈልገዋል፣ ማግኔት ለመሆን ደግሞ ኤሌክትሪክ። ያችን የመጀመሪያ ጉርሻ የምታቀብለው ቀይዋ አምፖል ናት። ቁልፍ ሲዞር ከረንቱ ከባትሪ ተነሥቶ በአምፖሏ ክር አልፎ ጥቅሉ ውስጥ ይገባል። አልተርኔተሩ ማመንጨት ሲጀምር በአምፖሏ ግራና ቀኝ ያለው ቮልቴጅ እኩል ይሆናል፣ ስለዚህ ትጠፋለች። ባለ 2 ዋት የድሮ አምፖል 0.17 አምፔር ያህል ያሳልፋል። በዚያው ቦታ የገባው ኤልኢዲ የሚያሳልፈው 0.02 ገደማ ነው፤ በዚህ ቁጠባ አልተርኔተር አይቀሰቀስም። ሞተሩ በኃይል ሲዞር ግን ብረቱ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ማግኔትነት ትበቃዋለች፤ የቢሾፍቱ መንገድ ባትሪውን የሚሞላው ለዚህ ነበር።

የድሮዋን አምፖል መልሰው ሰኩ። ሞተር ተነሣ፣ ቀይዋ ወዲያው ጠፋች፤ ቴስተሩም ነዳጅ ሳይረገጥ 13.9 አለ።

ንድፉን የሣሉት መሐንዲሶች ላይ መፍረድ አይቻልም። ኒክ ሆሎንያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቀይ ኤልኢዲ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ለነጩ መንገድ የከፈተው ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ የመጣው ደግሞ በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ፈልሳፊዎቹ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። በቮልስ ዘመን የዳሽቦርድ አምፖል ማለት የሚግል ክር ነበር። መሐንዲሶቹም በአንዲት ርካሽ አምፖል ሁለት ሥራ አሠሩ፤ እኔ እንዲያውም አደንቃቸዋለሁ።

ሌሎቹ ጣጣዎች ቀለል ያሉ ናቸው። ብርሃን ለመቀነስ የሚዞረው እጀታ ለኤልኢዲ እምብዛም አይሠራም፤ ባለቀለም መስታወት ካለ ከኋላው ነጭ ሳይሆን የራሱን ቀለም ኤልኢዲ ማድረግ ይሻላል፣ ነጩ ከቀይ መስታወት ጀርባ ሮዝ ይመስላል። ለግራም ለቀኝም አንዲት የፍሬቻ መብራት ብቻ ባላቸው አንዳንድ መኪኖችም አምፖሏ ከረንት የምታገኘው አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ አቅጣጫ ስለሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ኤልኢዲ ለአንዱ ፍሬቻ ይበራል፣ ለሌላው አይበራም።

ስለዚህ መኪናዎ አልተርኔተር ያላት ከሆነች የመለኪያውን መብራቶች እንደ ልብዎ ይቀይሩ፤ የቻርጅ መብራቷን ግን አይንኩ። የግድ ኤልኢዲ ይሁን ካሉ ኤሌክትሪሺያንዎ ጎን ለጎን 82 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ይግጠምላት።