«ሁሉን ይጫወታል»

አንድ ቅዳሜ ማታ እኔን የሚተካ ጊታሪስት ለመስማት ከታዳሚው ጋር ተቀምጬ ነበር። «ሁሉን ይጫወታል» ተብሎ ነው የተጠቆመልኝ። እውነትም ቢቦፕ ሲሉት ቢቦፕ፣ ቦሳኖቫ ሲሉት ቦሳኖቫ፤ ጣቱ የሚታዘዝለት ልጅ ነው። የዚያን ዕለት ኪቦርዲስቱ አልመጣም። ድምፃዊቷ ከዝርዝሩ ውጪ አንድ አምባሰል ስታነሳ ልጁ ሳያመነታ ከሥሯ ሙሉ ማይነር ኮርድ ዘረጋላት። መለስ ብላ አየችው፤ ከዚያ ወዲያ ዜማዋን ወደ ኮርዱ እየጎተተች ዘፈነች። ሰው አጨበጨበ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ጭብጨባው ነው።

አምባሰል ከሲ ቢነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሜጀርን ከማይነር የሚለየው ሦስተኛው ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሲ ማይነርም ብትይዝ ሲ ሜጀር፣ ቅኝቱ ያልጠራውን ኖታ ጨምረሃል። ኤፍ ማይነር አለልህ፤ ዲ ፍላት ሜጀር ሰቨን አለልህ፤ እሱም ካልመጣልህ ሲና ጂን ብቻ ነክተህ ዝም ማለት ይቻላል። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳም ያው ነው። ጃዝ የተማረ ሁሉ ተኝቶም የሚጫወተው ሁለት፣ አምስት፣ አንድ ዙር በሦስቱም ሰቨንዝ ኮርዶች ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ድምፅ ይዞ ይገባል፤ ወይ ኤፍን፣ ወይ ቢን፣ አምስተኛው ላይ ደግሞ ሁለቱንም። ክልክል ነው አላልኩም። ኢትዮ ጃዝ ራሱ የቆመው በቅኝት ሥር የውጭ ሃርመኒ በማስገባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላዳመጠ ግን እንግዳው ድምፅ ተመርጦ እንጂ በልማድ እንዳልገባ ግልጽ ነው።

ሁለገብነት የስታይል ቆጠራ ነው የሚለው እምነት ሰልችቶኛል። «ምን ምን ትጫወታላችሁ?» የማይለን አስተዳዳሪ የለም። «ከማን ጋር?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አላስታውስም። ለጊታሪስት መድረክ ላይ የሚለዋወጠው ዋናው ነገር አብሮት የቆመው ሰው ነው። ኪቦርድ ካለ ሩቱንና አምስተኛውን ትቼ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ብቻ እነካለሁ፤ አንዳንዴም እጄን አነሳለሁ። ቤዝ ከሌለ አውራ ጣቴ ወደ ታች ይወርዳል። ማሲንቆ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ እሱ ፍሬት የለውም፤ ድምፁ የእኔ ፍሬቶች መሀል ሊያርፍ ይችላል። በሪቨርብ የተንሳፈፈ ረጅም ኮርድ ያንን ልዩነት ለሁሉም ጆሮ ያሰጣዋል። አጭር ምት ያስፈልጋል። ያ ልጅ እግሩ ሥር የፔዳል መዓት ደርድሮ ነበር፤ ጊታሩ ላይ ያለችውን የድምፅ መቀነሻ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልነካትም።

ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1987 በካውንት ቤዚ ባንድ ውስጥ ሪትም ሲመታ ኖረ። ሶሎ የተጫወተባቸው ጊዜያት ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም፤ ባንዱ ግን እሱ ላይ ነበር የሚራመደው። ጊታሪስቱ ጂም ሆል እና ፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያለ ቤዝና ያለ ድራም «አንደርከረንት»ን ሲቀዱ፣ «ማይ ፈኒ ቫለንታይን» ላይ ጊታሩ ፒያኖው ሶሎ ሲወጣ የሪትም ክፍሉን ሥራ ብቻውን ይሸከማል። ተማሪዎቼን ያንን አጃቢነት አዳምጡ ስል ሶሎውን ገልብጠው ይመጣሉ።

በነሱ አልፈርድም። ክፍያው ያለው እዚያ ነው። «ሁሉን ይጫወታል» የሚለው ሙገሳ በአስተዳዳሪው ጆሮ ሲደርስ «ልምምድ አያስፈልገውም» ማለት ሆኖ ነው የሚሰማው። የሚከፈለው ለምሽቱ ብቻ ስለሆነ ድምፃዊቷና ጊታሪስቱ የሚተዋወቁት መድረክ ላይ ነው፤ ከየት ድምፅ እንደምትነሳ፣ የትኛውን ቅኝት እንደምትወድ፣ የት ቦታ እንደምትተነፍስ የሚነግረው የለም። ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ልምምድ ቢከፈላቸው ኖሮ ያንን አምባሰል ቀድመው ባነሱት ነበር። ይህንን ለቤቱ አስተዳዳሪ ነገርኩት፤ ልጁን ለሚቀጥለው ወርም እንደያዘው ነገረኝ።