ገዢውን የሚያመው የቱ ጋ ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በንግዱ ዓለም ግን ደንበኛው ሕመሙን ደብቆ ቢይዝም ቀድሞ ስሙን የጠራለት ሻጭ ገበያውን ያገኛል። ለዚህ የሊስትሪን ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሊስትሪን እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ሲሠራ ለቀዶ ሕክምና የሚያገለግል ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ነበር። በ1920ዎቹ አምራቹ ላምበርት ኩባንያ «ሃሊቶሲስ» የሚል ብዙ ሰው የማያውቀውን የሕክምና ቃል ይዞ ብቅ አለ፤ መጥፎ የአፍ ጠረን ማለት ነው። ማስታወቂያዎቹ የፈሳሹን ይዘት አልዘረዘሩም። ይልቁንም ጓደኞቿ ሲዳሩ እሷ የቀረችና ምክንያቱን ደፍሮ የሚነግራት ሰው ያጣች ወጣት አሳዩ። አንባቢው ራሱን ጠረጠረ፤ የኩባንያው ትርፍም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ።

ምክንያቱን የኢኮኖሚክስ ምርምር በኋላ አብራርቶታል። ዳንኤል ካነማን እና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሰው ከማግኘት ደስታ ይልቅ ያንኑ ያህል የማጣት ሕመም ይከብደዋል። አንድ ሺህ ብር የጠፋው ነጋዴ የሚቆጨው፣ አንድ ሺህ ብር ያተረፈው ከሚደሰተው በላይ ነው። ካነማን በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል።

ይኸው ባሕርይ ዛሬ በኢሜይል በሚካሄደው ሽያጭም ይታያል። ለአብነት ወደ አውሮፓ ቡና የሚልክ ነጋዴን እንውሰድ። የተለመደው ደብዳቤ «ድርጅታችን በዘርፉ የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው…» ብሎ ይጀምራል። ገዢው ይህን ከሌሎች ላኪዎችም ሰምቶታል። እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ ቡናው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ተመንጥሮበት ከሆነ መሬት እንዳይመጣ ይከለክላል፤ የማሳውንም መገኛ መረጃ ይጠይቃል። የተግባራዊነቱ ጊዜ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ጭንቀቱ አልቀረም።

እንግዲህ የደብዳቤው ርዕስ «የማሳ መገኛ መረጃው የተሟላ ቡና» ቢል ገዢው ይከፍተዋል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ችግሩን ይጥቀስ፤ ሁለተኛው ማስረጃውን ያቅርብ፤ መዝጊያው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፤ «ናሙና እንላክልዎ?»

የገዢውን ሕመም ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። የቅሬታ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል። የዘገየ ጭነት፣ ከናሙናው የተለየ ዕቃ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ሰነድ ሁሉ ለሚቀጥለው ደብዳቤ መነሻ ነው። ደንበኛው ራሱ የተጠቀመበት ቃል ደግሞ ከማንኛውም የማስታወቂያ ቋንቋ ይበልጣል።

ነገር ግን ሕመምን መጥራት አንድ ነገር ሲሆን የማይፈውሱትን መድኃኒት መሸጥ ሌላ ነው። ሊስትሪን ጉንፋንንም ይከላከላል እየተባለ ለአሥርት ዓመታት ሲተዋወቅ ቆይቷል። በ1975 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህ እውነት አይደለም ሲል ወሰነ። ኩባንያው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣበት ቀጣይ ማስታወቂያው ላይ ምርቱ ጉንፋን እንደማይከላከል በራሱ አንደበት እንዲናገር ታዘዘ። ይግባኝ ቢልም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1977 ትእዛዙን አጸናበት።

በኢሜይል ቅጣቱ ከዚህም ይፈጥናል። ጂሜይልና ያሁ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች «አላስፈላጊ መልእክት» የሚል አቤቱታ ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆንላቸው ይጠይቃሉ። ከአንድ ሺህ ተቀባዮች ሦስቱ ካማረሩ የቀረው ደብዳቤ ሁሉ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል የሐሰት ርዕስ አንድ ቀን ያስከፍት ይሆናል፤ በማግስቱ ግን በሩን ያዘጋል።

ስለዚህ ላኪው «ላክ» የሚለውን ከመጫኑ በፊት አንድ ሒሳብ ይሥራ። የጠራውን ሕመም የሚፈውስ ማስረጃ በእጁ አለ? ካለ ይላከው። ከሌለ ግን ርዕሱን ሳይሆን ዕቃውን ያስተካክል።